ከቀዩ ትራክተር ግንባር ጀርባ

የድሮ ግራሶ ሽታ ታውቃላችሁ? አታውቁም። የዛሬውን አላልኩም፤ የዛሬው ቅባት በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣና ምንም አይሸትም። እኔ የምለው ብረት ላይ አርባ ምናምን ዓመት ደርቆ፣ አፈር ጠጥቶ፣ ጠቁሮ እንደ ሙጫ የተጣበቀውን ነው። መፍቻ ሲነካው የተቃጠለ ገለባና ናፍታ አንድ ላይ የተዘፈዘፉ ይመስል ይሸታል። ባለፈው ሰሞን ከዊንጌት ጀርባ ባለችው ጋራዤ ውስጥ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እርጅና እንዳይመስላችሁ፤ ሰባን ብጠጋም ክሪክ የምጎትተው ራሴ ነኝ። የተደገፍኩት በፍርሃት ነው። ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ ስሞ፣ በአንድ ሽታ እንደገና የሃያ ሁለት ዓመት ፈሪ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩ የጀመረው በናሆም ነው። ናሆም ሠላሳውን ያለፈ፣ ጺሙን ያሳመረ፣ ሰው አክባሪ ነጋዴ ነው። እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ለእግር ጉዞ የወጣ ሁሉ አረፍ ብሎ የሚበላበት ቤት እየሠራ ነው። እኔ እንጦጦን የማውቀው እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው በሚወርዱት እናቶች ነው፤ አሁን ደግሞ ሰው ላብ እንዲያልበው ብሎ ሽቅብ ይወጣዋል። ጤና ነው ይላሉ፣ ይሁን። ናሆም ታዲያ ለበሩ ማሳመሪያ፣ ሱሉልታ በኩል ካለ የቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ግቢ አሮጌ ቀይ ትራክተር አግኝቶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣልኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ካልነኩት ማን ይነካዋል? ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የሚያውቀው አጣሁ» አለኝ።

«ኢንተርኔት የት ጋራዥ ተምሮ ያውቃል?» አልኩት።

«ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ እንዲነሣ ነው። ግን ሞተሩም ቢነሣ ደስ ይለኛል። ዱግ ዱግ ሲል ያምራል አይደል?»

«ለፎቶ ከሆነ ቀለም ቀብተህ አቁመው። ይነሣ ካልክ ግን ሆድ ዕቃው ሁሉ መውጣቱ ነው።»

«ይውጣ!» አለኝ፣ ምን እንደሚወጣ ሳያውቅ። እኔስ መች አወቅኩ።

አሮጌ ትራክተር መፍታት ባለቤቱ የሌለበትን ቤት እንደ መበርበር ነው። የመፍቻ ሳጥኑን ስከፍት ግማሽ ማበጠሪያ፣ የዛገ ማጭድና አንድ እግር የሕፃን የጎማ ጫማ አገኘሁ። ጫማዋ አውራ ጣቴን አታህልም። ትራክተር ላይ ሕፃን ምን ያደርጋል? አባቱ እያረሰ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ይሆናል። ከመቀመጫው ሥር አይጥ በጤፍ ጭድና በታኘከ ጨርቅ ቤት ሠርታ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ ሄዳለች። የአየር ፊልትሮውን ስፈታ የተርብ ቀፎ ወደቀ። መሪው ሥር ደግሞ በሽቦ የታሰረ የቆዳ ክታብ ነበር፤ ሾፌሩ ምን ፈርቶ እንዳሰረው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ናሆም አንድ ነገር በወጣ ቁጥር «አቤት!» እያለ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። እኔም ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ እያለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ፣ ማረሻው የሚያያዝበትን ብረት በናፍታ ስፈትገው፣ ከጭቃው ሥር አንድ ጠማማ ብየዳ ብቅ አለ።

ሰው የገዛ የእጅ ጽሑፉን ይስተዋል? ያ ብየዳ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ የበየድኩት ነው። አለቃዬ ጋሽ ወርቁ አይተውት «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» ብለውኝ፣ ልፍጨውና እንደገና ልሥራው ብላቸው እንቢ አሉ። «ይይዛል፣ ተወው። ባየኸው ቁጥር እፈር» አሉኝ። ያቺ ትራክተር ናት። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ከስንት ማሳ ዞራ፣ ስንት ባለቤት ቀይራ፣ ጋራዤ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ሱብሃነላህ!

«ናሆም፣ ለዛሬ ይበቃኛል» አልኩት።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ፊትዎ ተለወጠ።»

«ስኳሬ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ስኳሬ አይደለም። የዚያች ትራክተር ግንባር ላይ፣ ከራዲያተሩ ፊት፣ እንዳትንጋጠጥ የሚታሰር ትልቅ የብረት ክብደት አለ። ከጀርባው ጎድጎድ ያለ ነው። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት፣ በገዛ እጄ፣ ሽጉጥ ደብቄ ነበር።

እስቲ ዘመኑን ላውራችሁ፤ ክፉው ብቻ አይምሰላችሁ። እዚሁ ጉለሌ፣ ትልቅ የእርሻ መሣሪያ መጠገኛ ነበረን፤ የመንግሥት ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ሻይ በብርጭቆ በአሥር ሳንቲም ይሸጡ ነበር፤ ስኳሩ ከሻዩ ይበዛ ነበር። እኛ ጎረምሶቹ ከታች እንደ ደወል የተነፋ ሱሪ ለብሰን እንመጣና በሩ ላይ በሰማያዊ ቱታ እንለውጣለን፤ አፍሯችን ግን በቆብ አይጨፈለቅም፣ ያንን ማን ይደፍራል! የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ራዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ጮክ አድርጎ ይከፍተዋል። ዘፋኙ ፍቅረኛውን ተመለሽ ሲል እኛ በመዶሻ እንቀበለዋለን። በአጥሩ ቀዳዳ የቀጨኔ ሴቶች ማሰሮና ጀበና በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው ሲወርዱ እናያለን። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን፣ ጥፍራችንን በናፍታ አጥበን፣ ከዊንጌት ተማሪዎች ጋር ለመመሳሰል መጽሐፍ ይዘን እንዞራለን። ወላሂ፣ መጽሐፉን ገልብጬ ይዤው አንዷ ልጅ የሳቀችብኝ ቀን አለ። ዛሬ እዚያ ጋ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ሻይዋም የለች፣ አጥሩም የለም።

ጋሽ ወርቁ የቀጨኔ ሰው ነበሩ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ያኔ ሰው ለቀጥቃጭ የሚሰጠው ስም ብዙ ነበር፣ ደግ ስም ግን አልነበረበትም። እሳቸው በዚህ አንገት አይደፉም። አባታቸው ማረሻ ሲሠሩ ከማይታየው ወገን ሦስት ነጥብ ይመቱ ነበር አሉ፤ ገበሬው ቢሰበርበት ማንን እንደሚወቅስ እንዲያውቅ። ጋሽ ወርቁ ያንን ደንብ ወደ ጋራዡ ይዘውት መጡ። ማንም ሠራተኛ አንድ ክዳን ከመግጠሙ በፊት፣ በውስጠኛው ወገን ምልክቱን በሹል ብረት ይመታል። «ከውጭ የሚፈርም ጉረኛ ነው፣ ከውስጥ የሚፈርም ሠራተኛ ነው» ይላሉ። የሳቸው ምልክት የአባታቸው ነው፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ ሦስት ነጥቦች። ለኔ «ሰ» የምትለዋን ፊደል ሰጡኝ። አቤት ኩራቴ! በስድስት ወር ውስጥ እጄ ለመደው፤ ክዳን ይዤ መዶሻ ካጠገቤ ካለ ሳላስበው ሰ ትመታለች።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ስሙን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ባታውቁት ይሻላል። መሣሪያ ያለው ያስረክብ ተባለ። ከዚያ ደግሞ ቀኑ አልፏል፣ ከእንግዲህ የተገኘበት ወዮለት ተባለ። አባቴ ከወሎ እየተመላለሱ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ መንገድ ላይ ሽፍታ ስለማይጠፋ ትንሽ ሽጉጥ ነበረቻቸው። እሳቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም። እናቴ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሣጥናቸውን ስታገላብጥ ከልብሳቸው ሥር አገኘችው። «ልጄ፣ ብንሰጥ እስካሁን የት ነበራችሁ ይሉናል። ብንተወው ይፈትሹናል። ምን ይዋጠን?» አለችኝ። የሰፈሩ አሰሳ ከቤት ቤት እየተጠጋ ነበር። እኔ የቤቱ ወንድ ነኝ፤ አለሁልሽ አልኳት። አለሁልሽ ስላት ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሽጉጧን በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ጠቅልዬ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ከላይ ፓስታ ደርቤባታለሁ። ከቤቴ እስከ ጋራዡ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። አንድ የሠፈር ሰው «ሰይድ፣ ምሳህ ዛሬ ከበድ አለች» ሲለኝ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ቀይዋ ትራክተር አልቃ፣ ሰኞ ወደ እርሻዋ ልትሄድ ቆማለች። ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የግንባሯን ብረት አራት ቡሎን ፈታሁ፤ ሽጉጧን ግራሶ ለቅልቄ ጎድጓዳው ውስጥ ሰካሁ፤ መልሼ አሰርኩ። ከከተማ ትውጣልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ የእርሻው ጭቃ ይዋጣት አልኩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን እንኳ በልቼ ወጣሁ።

ዊንጌት ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ብረቱን ከመግጠሜ በፊት ሰ መትቻለሁ። እጄ ነው የመታው፣ እኔ አይደለሁም! ሽጉጥ ደብቄ ፈርሜበታለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ሌባ ብዙ ነው፣ ሽፍታም ብዙ ነው፤ የደበቀው ላይ ስሙን ጽፎ የሄደ ቂል ግን ከጋሽ ወርቁ ተማሪ በቀር አይኖርም። ተመልሼ ስሮጥ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል፤ ዘበኛው «ሰኞ!» አለኝ። እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። እናቴ ሩዝ ሠርታ ነበር፤ አልነካሁትም።

ሰኞ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ጋሽ ወርቁ ግን ቀድመውኝ ገብተዋል። ቀይዋ ትራክተር ግንባር ሥር ተንበርክከው፣ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቁ ነው። እሳቸው ትራክተር ሳይነካኩ ከግቢ አያስወጡም፤ የሁላችንንም ሥራ ዞረው ያያሉ። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይቺን ጨርሻታለሁ፤ አትንካት» አሉኝ። ከሰዓት በፊት ሾፌሩ መጥቶ አስነሥቷት ሄደ። እኔም ቡሎኑን አጠበቁ እንጂ አልፈቱትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ረቡዕ ቀጨኔ ተፈተሸ። ሐሙስ ጋሽ ወርቁ ሥራ አልገቡም። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ራዲዮኑን ዘግቶ፣ በጆሮዬ «ሽጉጥ ተገኘባቸው አሉ» አለኝ።

አልተመለሱም።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግኩ? ስንት ሰው ሽጉጥ አለው አልኩ። የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው፣ ብረት ከቤታቸው አይጠፋም አልኩ። የኔዋ በትራክተሩ ሄዳለች፣ የሳቸው ሌላ ነው አልኩ። ምን ዓይነት ሽጉጥ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። አንድም ቀን፣ አንድም ሰው! መጀመሪያ ላይ የምፈራው መንግሥትን ነበር፤ ጋራዡ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ትራክተሯን አገኟት፣ ሰ የምትለዋን አነበቧት እያልኩ ወደ ጓሮ እሸሻለሁ። ያ መንግሥት ሄደ፣ ሌላም መጣ፣ ሌላም። ፍርሃቴ ግን አልሄደም፤ ቦታ ነው የለወጠው። ሽጉጧን ያገኟት ይሆን ብዬ መፍራት ትቼ፣ ድንገት እዚያ ባትኖርስ የሚለውን መፍራት ጀመርኩ።

ለጋሽ ወርቁ ቤት በየበዓሉ እሄዳለሁ። ለፋሲካ ዶሮ፣ ለመስቀል የሚሆን ነገር ይዤ ቀጨኔን ሽቅብ እወጣለሁ፤ ለኛ ኢድ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ድፎ ዳቦ አስይዘው ይልኩልኛል። ሰው ሁሉ «አቤት የአለቃውን ውለታ ያልረሳ ልጅ!» ይለኛል። ልጃቸው ሰብለ አባቷ ሲወሰዱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት። የአባቷን ፎቶ ግድግዳ ላይ አታሰቅልም። ተዝካር እንኳ ይውጣላቸው ሲባል እንቢ ያለችው እሷ ናት። አንዴ ለወግ ያህል «አባትሽ እኮ...» ብዬ ስጀምር፣ «ጋሼ፣ እባክዎን። ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ሽጉጥ ያስበለጠ ሰው ነው። እዚህ ቤት እሱን አናነሣም» አለችኝ። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ለካ ሲቀልለኝ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን፣ ያቺን ብየዳ ባየሁ ማግስት፣ ጋራዤ ውስጥ ቆሜ ምን ብዬ እንደለመንኩ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ሽጉጧ ትገኝ ብዬ ነው የለመንኩት። ዛሬም ቢሆን መሣሪያ ተገኘ ከተባለ «የአባቴ ነው፣ የድሮ ነው» ቢሉት ማንም አያምን፤ ይጠይቁኝ፣ ያንገላቱኝ፣ ግድ የለኝም። ብቻ በከረጢት ጨርቋ እንደተጠቀለለች፣ ዝጋ፣ በስብሳ፣ እዚያው ትገኝልኝ። የኔ ሽጉጥ እዚህ ካለች ጋሽ ወርቁ በራሳቸው ነገር ነው የሞቱት። ከሌለች ደግሞ...

ናሆም ከሥር ክሪክ ደገፈልኝ። አንደኛው ቡሎን እሺ አለ። ሁለተኛው አለቀሰ። ሦስተኛውን በናፍታ ዘፍዝፌ፣ መፍቻውን በመዶሻ መትቼ አወጣሁት። አራተኛው ላይ እጄ እንቢ አለ።

«እኔ ልሞክረው ጋሼ?» አለኝ።

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም።

ፈታሁት። ብረቱን ቀስ ብለን ወደ መሬት አወረድነው። ጎድጓዳው ባዶ ነው። ጨርቅ የለ፣ ዝገት የለ፣ ምንም የለ። ጣቴን እስከ ጥጉ ሰደድኩ፤ የደረቀ ግራሶ ብቻ። ከዚያ የብረቱን ጀርባ በናፍታ ጠረግኩ። ሰ የለችም። እኔ የመታሁበት ቦታ በሞረድ ተሞርዶ፣ ተስተካክሎ፣ ለስልሷል። በለሰለሰው ላይ ሦስት ነጥቦች ተመተውበታል። ጥልቅ ናቸው፤ ረጋ ብሎ፣ አስቦ የመታቸው እጅ ነው። መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን አገኙ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

ምን ልበለው? አንድ ሰው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ምልክቱን ከመታ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ያ ሌብነት ነበር። እሳቸው የኔን ወንጀል ሰርቀውኝ ሄደዋል። እኔ ደግሞ በዶሮና በድፎ ዳቦ ስመላለስ ኖሬያለሁ።

ሦስት ቀን ጋራዡን አልከፈትኩም። ሚስቴ ሐኪም ቤት እንሂድ አለች፤ እንቢ አልኩ። አራት ቀን ካለፈ እንደማልሄድ ስላወቅኩ፣ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀጨኔን አቀበት ያዝኩ። ባዶ እጄን ነኝ። በዓል አይደለም፣ ምን ብዬ ምን እይዛለሁ? መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጥግ ስደርስ ተመለስ ተመለስ የሚል ነገር ያዘኝ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ፣ ሁለት ሴቶች ያሉበት አንድ ክፍል ቤት መግባት ፈርቼ፣ የድንጋይ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ሰብለ ትጮህብኛለች፣ ከቤት ታስወጣኛለች፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ልጆቼ ይሰማሉ። አንዲት ሴትዮ «አባባ፣ ደክሞዎት ነው? ልደግፍዎት?» አለችኝ። አፈርኩና ቀጠልኩ።

እትዬ አሰለፈች ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰማንያ እየገፉ ነው፤ ዓይናቸው ግን አያመልጠውም። ባዶ እጄን አይተው፣ ቀጥለው ፊቴን አይተው፣ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«ምነው ሰይዴ፣ ደህና አይደለህም?»

«ትራክተሯን አገኘኋት፣ እትዬ። የጋሽ ወርቁን ምልክት አየሁት። ሽጉጧ የኔ ናት። የአባቴ ናት።»

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አልደነገጡም። ገባ ብለን እንድንቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ተቀመጥን።

«አውቃለሁ እኮ» አሉኝ።

«ምን?»

«ሰኞ ከሥራ ሲመጣ ይዟት መጣ። ኬላው ላይ ትራክተሩን ሁሉ እየፈቱ ነው የሚፈትሹት፣ እዚያ ላይ ከተገኘች ልጁ አለቀ አለኝ። ወንዝ ልጥላት ነው አለ። መንገዱ ሁሉ ሰው ቆሞበታል፣ ማክሰኞ አልቻለም። ረቡዕ መጡ።» ቃላቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ያወሩት ነገር ነው። «ሲወስዱት ዘወር ብሎ፣ የልጁን ስም እንዳታነሺ፣ እናት አለችው አለኝ። በመድኃኔዓለም አስማለኝ። እኔ መሐላ አለብኝ። አንተ ግን መሐላ የለብህም ብዬ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዛሬ ይናገራል ስል ኖርኩ። ዶሮ ይዘህ ትመጣለህ፣ ቡና ጠጥተህ ትሄዳለህ።»

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ! ወላሂ አላውቅም!»

ትክ ብለው አዩኝ። ያ ጋሽ ወርቁ ሰኞ ማለዳ ያዩኝ ዓይነት አስተያየት ነው፤ ባልና ሚስት ሲኖሩ ዓይን ይዋዋሳሉ መሰለኝ።

«እውነት አታውቅም ነበር?»

«መጠየቅ ፈራሁ» አልኩ።

«እህ» አሉ። እርግማን ብሰማ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ለራሴ አይደለም ሰይዴ። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ያቺ ናት እንጂ፣ አባቷን ሳታውቀው ጠልታው የምትኖረው። እኔ ብነግራት መሐላዬ አለ፤ ደግሞም ለአባቴ ስትይ ፈጥረሽ ነው ትለኛለች። አሁን ትመጣለች። ንገራት።»

መሄድ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ሌላ ቀን ልምጣ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰብለ ግን በሩ ላይ ደረሰች፣ ዳቦና ቲማቲም በፌስታል ይዛ። «ውይ ጋሼ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ቁጭ በይ አልኳት። አልተቀመጠችም።

«ሰብለ፣ ያ ሽጉጥ የአባትሽ አልነበረም። የኔ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት። ምሳ ዕቃውን፣ ፓስታውን፣ ያቺን ሰ፣ ሞረዱን፣ ሦስቱን ነጥብ። እያወራሁ መሬት መሬቱን ነው የማየው። ስጨርስ ፌስታሉ እጇ ላይ እንዳለ ነው።

«አባዬ» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። «የእርስዎ መሆኑን ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«እያወቀ ነው ወደዚህ ቤት ያመጣው?»

«እያወቀ» አሉ እናቷ።

«እና እርስዎ!» ብላ ወደኔ ዞረች። ጮኸች። ድምፅዋ ቀጥኖ ጣሪያውን ነካ። «እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት! እኔ እኮ ሰደብኩት! ስሙ በተነሣ ቁጥር ሰደብኩት! ያ ዘመን ካለፈ ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ነበር የሚያስፈራዎት?»

«ዘመኑን አይደለም የፈራሁት» አልኩ። «አንቺን ነው።»

ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ፤ ጫማዬን በእግሬ ፈለግኩ። ለስድቡም ለእርግማኑም ተዘጋጅቼ ነበር፤ እከስዎታለሁ ብትልም እሺ ልላት ነበር።

«የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። «ቁጭ ይበሉ።»

ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አደረገችው። ያልተዘጋጀሁበትን ጠየቀችኝ።

«ድምፁ ምን ዓይነት ነበር?»

«ወፍራም ነበር» አልኳት። «ሲቆጡ ግን ይቀጥናል። እንደ ልጃገረድ ድምፅ ቀጥኖ ጣሪያ ይነካል። እኛ ከትራክተሩ ኋላ ተደብቀን እንስቅ ነበር።»

ሰብለ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ወደ እናቷ ዞር አለች።

«አዎ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «በተቆጣሽ ቁጥር እሱን ስሰማው ነው የኖርኩት።»